ሚኒሞ የማይዘው አረንጓዴ ፒክአፕ

የካቲት 3፣ ሰኞ። ከቀኑ 9 ሰዓት

ጠዋት ሁለት ባጃጅ፣ አንድ የፍሬን ሸራ። ሰፈራችን ሲቀላ ዛሬ ምጣድ ናት። የጋራዡ ቆርቆሮ እየተሰነጠቀ ይጮኻል።

ከምሳ በኋላ አንድ አረንጓዴ ፒክአፕ። ባለቤቱ ወንጌላዊ ታምራት ይባላል። ከጨንቻ በኩል ከደጋው ነፍሰ ጡርና በሽተኛ እያወረደ ሐኪም ቤት ያደርሳል። ቅሬታው፦ ሲነዳ ደህና ነው፤ ቆሞ ሲሠራ ግን ይንቀጠቀጣል። ሚኒሞ አይዝም። ካጠፉት በኋላ ለማስነሳት መከራ ነው። ውሃም ይጠጣል።

ሰማሁት። ሦስት ይመታል፣ አራተኛውን ይውጣል። ሦስት፣ ዋጥ። ሦስት፣ ዋጥ። ካንዴላ ነው ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ነገር ልንገርህ ደብተሬ፣ አትሳቅ። የሹፌሩ በር አልከፈትም አለ። ወንጌላዊው "እሱስ ዘዴ አለው" ሊለኝ አፉን ሲከፍት እጄ ቀደመው። እጀታውን ወደ ላይ ሳብ፣ በጉልበት ገፋ፣ ተከፈተ። ማን ነገረሽ አለኝ።

ማንም። ይህን መኪና አይቼው አላውቅም።


የካቲት 4፣ ማክሰኞ። 11 ሰዓት

ካንዴላ አይደለም። አራቱንም ቀየርኩ። ያው። ገመዶቹን ቀየርኩ። ያው። ካርቡራተሩን አውርጄ አጠብኩ፣ በአየር ነፋሁ፣ መለስኩ። ሦስት፣ ዋጥ። ሌላ መኪና ቢሆን እስካሁን ተሳድቤ ነበር። ይህንን ግን ዝም ብዬ አዳምጠዋለሁ። ሁለት ጊዜ መፍቻ በእጄ ይዤ፣ ምንም ሳልሠራ ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

የራዲያተሩ ክዳን የራሱ አይደለም። የሌላ መኪና ክዳን፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ የተደፈነ።

ወንጌላዊ ደወለ። ሚስቱ ፒክአፑ ቆሞ ሲሠራ ውስጡ አትቀመጥም አለኝ። ሊጣራ ፈልጎ ቃሉ አልወጣ ያለው ሰው ይመስላል ትላለች። እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሲሞቅብህ ምን ታደርጋለህ አልኩት። ጀሪካን አለኝ፣ ከዓባያ ሐይቅ ዳር ወርጄ እቀዳለሁ፣ ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው አለ።

ማታ 2 ሰዓት፣ ቤት። እማዬ ኩርኩፋ በሀለኮ ሠርታለች፤ የበቆሎ ድቡልቡል በሽፈራው ቅጠል። ስልኳ እንደ ወትሮው ግድግዳው ላይ ቻርጅ ተሰክቷል።

አንተ አዲስ ደብተር ስለሆንክ አታውቅም። ምናሴ ታናሽ ወንድሜ ነው። ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ እየጫነ ወደ ሶዶ ይወስድ ነበር። አባታችን በተወልን ነጭ ፒክአፕ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሌሊት ጭኖ ወጣ፣ አልደረሰም፣ አልተመለሰም። መኪናውም የለም። ፖሊስ ፈለገ። ከዚያ ወሬ መጣ፦ መኪናውን ሸጦ በሞያሌ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ገብቷል። ስንቱ የሰፈር ልጅ እንደዚያ ሄዷል። አመንኩ። እማዬም አመነች፣ እሷ ግን አንድ ቀን ይደውላል ብላ ስልኩን ከቻርጅ አትነቅልም። እኔ ስሙን መጥራት ተውኩ። እናቱን የጣለ፣ የአባቱን ንብረት የሸጠ። ሦስት ዓመት በልቤ ረገምኩት።

ዛሬ ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።


የካቲት 6፣ ሐሙስ። 4 ሰዓት ተኩል

አገኘሁት። ጥፋቱን ማለቴ ነው።

በሳሙና ውሃ ፈተንኩ። ሞተሩ እየሠራ በየመጋጠሚያው ላይ ጠብ ጠብ። ሌላው ቦታ ምንም። አየርና ቤንዚን ተቀላቅሎ ወደ ሞተሩ የሚገባበት ማኒፎልድ ጋ ስደርስ አረፋው ወደ ውስጥ ተሳበ። ሞተሩም ድምፁን ለወጠ። አየር ይስባል ማለት ነው። በሱና በሞተሩ መካከል አየር እንዳይገባ የሚደፍነው ጋስኬት አልቋል። ቀላል ነገር። ፈትቶ መቀየር ብቻ።

ፈታሁ።

ጋስኬቱ የፋብሪካ አይደለም። ከካርቶን በምላጭ የተቆረጠ ነው። ጠርዙ ጥቁር፣ ግማሹ ተበልቷል። መብራት ሥር ወሰድኩት። በእስክሪብቶ የተጻፈ አለ። ቀስት፣ ከቀስቱ ቀጥሎ፦ ወደ ሞተር።

ካርቶን ስቆርጥ እንዳይገለበጥብኝ ሁልጊዜ እጽፋለሁ። "ሞ"ን የምጽፈው እግሯን አጥፌ ነው። አስተማሪዬ በልጅነቴ በማስመሪያ የመታኝ በዚያች "ሞ" ነው።

የኔ ጽሑፍ ነው።


በዚያው ቀን፣ 10 ሰዓት

የበሩን ማጠፊያ በካቻቢቴ ፋቅሁ። ከአረንጓዴው ሥር ነጭ። የሻንሲ ቁጥሩ ተፍቆ ሌላ ተመትቷል። መብራቶቹ ተቀይረዋል፣ ኋላው በእንጨት ተሠርቷል። በሩን ግን ማንም አላስተካከለውም።

እጄ ሰኞ ዕለት አውቆታል። እኔ ነኝ የዘገየሁት።

ወንጌላዊ መጣ። ጋስኬቱን ከነጽሑፉ አሳየሁት፤ የወንድሜ መኪና እንደሆነ ነገርኩት። ሊብሬውን አወጣ፣ አገላበጠ። ላቡ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። ከምዕራብ ዓባያ ከአንድ ደላላ በሕጋዊ መንገድ ነው የገዛሁት አለኝ። ሰረቅህ አላልኩህም እኮ አልኩት። ሊብሬውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። በኋላ ቀና ሳይል "እህት ዘነበች፣ ግጠሚልኝና መኪናዬን ስጪኝ" አለ። ነገ ምጥ የያዛት ሴት ብትጠራኝ በምን ላመጣት ነው አለ።

አልገጠምኩም። እግሩን እየጎተተ ሄደ።


የካቲት 7፣ ዓርብ። 1 ሰዓት ጠዋት

ጋራዡን ስከፍት ወንጌላዊ በር ላይ ተቀምጧል። አልተኛም። ለባለቤቱ ነግሯታል። እሷ ምን አለች ብዬ ጠየቅሁ። "የሚጣራው የሰው ልጅ እንደሆነ ነግሬህ ነበር አለችኝ" አለ።

ነገ ምዕራብ ዓባያ እንሄዳለን። አብረን። ደላላውን ይዘን ከማን እንደገዛ ልንጠይቀው።

ትክክለኛው ጋስኬት ከሶዶ የሚመጣው ሰኞ ነው። አሮጌውን ካርቶን መልሼ ገጠምኩት። በሁለት ጣቴ ያዝኩት፣ ቀስቱን ወደ ሞተር አደረግሁ። ያን ጊዜም ልክ እንዲሁ አድርጌ ነበር። ምናሴ ቆሞ ያጣድፈኛል፤ ዓሣው በረዶ ላይ ነው፣ ቶሎ በይ። የጋስኬት ወረቀት ከተማው ውስጥ ጠፍቶ ነበር። "ለሳምንት ብቻ ነው፤ ሰኞ ትመለሳለህ፣ ደህናውን አደርግልሃለሁ" አልኩት። በአራተኛው ቀን ጠፋ።

አስነሳሁ። ሦስት፣ ዋጥ።


የካቲት 8፣ ቅዳሜ። 11 ሰዓት

አሁን ተመለስን። በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ጠዋት 1 ሰዓት ወጣን። ወንጌላዊ ይነዳል፣ እኔ ከጎኑ። ሙዝ የጫኑ አይሱዙዎች ከፊት ለፊት። በቀኝ ዓባያ፣ ቀይ ውሃ፣ ጭልጥ ያለ። 

ደላላው መጀመሪያ ካደ። ወንጌላዊ አልጮኸበትም፣ አጠገቡ ተቀምጦ ጠበቀው። በመጨረሻ ተናገረ፤ ቁጥሩንም ቀለሙንም የቀየረው እሱ ነው። የገዛው ከአቶ አንጁሎ፣ ሐይቁ ዳር ሙዝ ካላቸው ሽማግሌ።

በሙዙ መካከል በጠባቧ መንገድ ወረድን። ወንጌላዊ አጥሩ ጋ አቆመ፣ ሞተሩን ግን አላጠፋም። ካጠፋሁት ላይነሳ ይችላል አለኝ። እዚያ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ሦስት፣ ዋጥ። ሦስት፣ ዋጥ።

ከሙዙ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ወጡ። መቆፈሪያቸውን ጥለው እየሮጡ ማለት ይቻላል። እኛን አላዩንም። መኪናው አረንጓዴ ነው፣ እሳቸው የሸጡት ነጭ ነበር፤ ቀለሙን ግን አላዩም። በሁለት እጃቸው ጆሯቸውን ይዘው ነበር።

"አጥፉት" አሉ። "ስለ እግዜር፣ አጥፉት።"

ወንጌላዊ አጠፋው። ሽማግሌው እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ።

የሹፌሩ እህት ነኝ አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ተናገሩ። አማርኛቸው የተሰባበረ ነው፣ ሲጠፋቸው ወደ ወላይትኛ ይመለሳሉ፣ ወንጌላዊ ይተረጉማል። እንዲህ ነው ያሉት።

ከሦስት ዓመት በፊት ጎህ ሲቀድ ሙዛቸውን ውሃ ሊያጠጡ ወጡ። ከዳር በኩል መኪና ሲያስል ሰሙ። መኪና የሚያጥብ ሰው መሰላቸው። ፀሐይ ወጣች፣ ያው ድምፅ። ወረዱ። ነጭ ፒክአፕ፣ አፍንጫው ወደ ሐይቁ። ኮፈኑ ተከፍቷል። የሹፌሩ በር ተከፍቷል። ሞተሩ ይሠራል። ሰው የለም። ነጠላ ጫማ ከጎማው አጠገብ፣ ጎን ለጎን፣ ወደ ውሃው የዞረ። ተጣሩ። መልስ የለም። ባለቤቱ ይመጣል ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

እስከ ቀትር ተቀመጡ። ሞተሩ አልቆመም። "ሰው እንደሚጣራ ነበር" አሉ። "የሚጠራው አልመጣም።" ቤንዚኑ አልቆ ጸጥ ሲል ያኔ ነው የፈራሁት አሉ። ቀና ቢሉ ከዳር ራቅ ብሎ ውሃው ላይ ቢጫ ጀሪካን አዩ። ነፋሱ ወደ ዳር ይነፍሳል። ጀሪካኑ ግን ወደ መሐል ይሄዳል። ቀጥ ብሎ፣ በዝግታ። ከዚያ ሰመጠ።

አዞ የሚለውን ቃል ማንም አልተናገረም።

ለምን አልተናገሩም አልኳቸው። ያልቆሰለ መኪና፣ የሚሠራ ሞተር፣ የጠፋ ሰው፣ የሳቸው መሬት። ገደልክ ቢሏቸው ምን ይዘው ይመልሳሉ? በበሬ ስበው ሙዙ ውስጥ አስገቡት፣ በቅጠል ሸፈኑት። ዓሣውን ቀበሩት። በላዩ ላይ የበቀለው ሙዝ ከሁሉም ይበልጣል፤ ቤታቸው ውስጥ ማንም አይበላውም። ዓመት ቆይተው ለደላላው ሸጡት። ድምፁ ግን አልሄደልኝም አሉ። ጎህ ሲቀድ ከዚያ በኩል እሰማዋለሁ።

ከቤት አንድ ቆርቆሮ ጣሳ አመጡ። ውስጡ ጫማው። አወቅሁት፤ የግራው ማሰሪያ በሽቦ የተሰፋ። ከሥሩ የራዲያተር ክዳን። የት አገኙት አልኳቸው። ሞተሩ ጎን ላይ፣ አራት ታጥፎ በተቀመጠ ጨርቅ ላይ ነበር አሉ።

ደብተሬ፣ እኔ እንደዚያ ነው ያስተማርኩት። ሲሞቅ በጨርቅ ያዝ፣ ቀስ ብለህ ክፈት። ሞተሩን ግን አታጥፋ፤ እየሠራ ጥቂት ጥቂት ውሃ ጨምር፣ አለዚያ ይሰነጠቃል። የነገርኩትን ሁሉ በሥርዓት አድርጓል።

ለምን ሞቀ? ጋስኬቱ አየር ስለሳበ። አየር የበዛበት ሞተር ይሞቃል። ስለሞቀ ውሃ ፈለገ። ውሃ ስለፈለገ ወደ ዳር ወረደ፤ ገና ሳይነጋ፣ አጎንብሶ፣ ጀሪካን ይዞ።

ወንጌላዊ አየኝ። ጋስኬቱን አይቷል፣ ጽሑፉን አይቷል። ስንመለስ መሐል መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ አለ። "እኔ አልናገረውም። ያንቺ ነው።"


የካቲት 9፣ እሑድ። 7 ሰዓት

እማዬ ከጸሎት ስትመለስ ነገርኳት። ጫማውን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩ። በሽቦ የተሰፋውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። እኔ ለቅሶ ጠብቄ ነበር። በጋሞኛ አንድ ነገር ብቻ አለች፣ ሦስት ጊዜ፦ አልተወኝም ማለት ነው።

ከዚያ ጠየቀችኝ፤ መኪናው ብቻውን እስከ ስንት ሰዓት ሠራ? እስከ ቀትር አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ጠዋቱን ሙሉ ጠርቶታል አለች።

ሌላ ጥያቄ። ለምን ሞቀ?

መንገዱ ነው አልኳት። ዳገቱ። ሙቀቱ።

ዋሸሁ።


የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ትናንት ፖሊስ ጋ ቃሌን ሰጠሁ። ወንጌላዊም። አቶ አንጁሎም ተጠርተው ቃላቸውን ሰጡ፣ በዋስ ወጡ። ጋስኬቱን እኔ አልተናገርኩም። ማንም አልጠየቀኝም።

መኪናው ወደ ጣቢያ ከመሄዱ በፊት አዲሱ ጋስኬት ደረሰ። ወንጌላዊ፣ ለማንም ቢሰጥ ደህና ሆኖ ይሰጥ አለ። ገጠምኩ። ብሎኖቹን በየተራ አጠበቅሁ፣ ሚኒሞውን አስተካከልኩ። አስነሳሁ።

እንደ ስፌት መኪና። ልስልስ ያለ። ንቅንቅ የለም። ማኒፎልዱ ላይ በውሃ የተሞላ ብርጭቆ አስቀመጥኩ፣ ውሃው አልተንቀሳቀሰም። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ሚኒሞ አስተካክዬ አላውቅም።

ድምፁን መቋቋም አልቻልኩም። ለአንድ ደቂቃ ያህል አዳመጥኩ። አራተኛው ምት እየመጣ፣ እየመጣ፣ አንድም ሳይጎድል። የሆነ ሰው ንግግሩን እንዳቆመ። አጥፍቼ ወጣሁ።

አሮጌው ካርቶን ኪሴ ውስጥ ነው።


የካቲት 14፣ ዓርብ። 10 ሰዓት

ድንኳኑ ከተተከለ ሦስተኛ ቀን። ሬሳ የሌለበት ለቅሶ። ጫማው ነጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል። ሰው ከደጋው ሳይቀር ወርዷል። እማዬ አሁን ታለቅሳለች፣ የሦስት ዓመቱን በአንድ ላይ።

ወንዶቹ ጥግ ይዘው ይነጋገራሉ። የአጎቴ ልጅ ድምፅ ከሁሉም ይጎላል። የሚለው ይህ ነው፦ ሞተር ሳያጠፋ ከመኪናው የሚወርድ ሹፌር የት አለ? ያውም በሐይቅ ዳር፣ በጨለማ? ሽማግሌው ውሸታም ነው። ገድሎ ቀብሮ፣ መኪናውን ሽጦ በልቶ፣ ዛሬ አዞ ላይ ያሳብባል። አንዱ፣ የሙዙን ሥር ቆፍረን እናያለን አለ። ሌላው፣ ምን መቆፈር ያስፈልጋል አለ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ያ ዝቅ ማድረግ አስፈራኝ።

ሻይ እያደልኩ አልፋቸዋለሁ። አንድ ጊዜ የአጎቴ ልጅ ክንዴን ያዘኝ። "አንቺ መካኒክ ነሽ፣ እስቲ ንገሪን። ሞተር የማይጠፋበት ምክንያት አለ?"

አለ። ከነሱ ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሁለት ምክንያት አለ። አንዱ የሞቀ ሞተር። ሌላው፣ ካጠፉት የማይነሳ ሞተር። የሁለቱም ሥር አንድ ነው፤ ኪሴ ውስጥ ነው።

ሻዩ እየቀዘቀዘ ነው አልኩት። አለፍኩ።


የካቲት 15፣ ቅዳሜ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል

ጎህ ሲቀድ ነቃሁ። ሰማሁት ደብተሬ። ከመንገዱ በኩል። ሦስት፣ ዋጥ። መኪናው ጣቢያ ነው፣ ቁልፉ ጣቢያ ነው፣ ሞተሩ ተሠርቷል፤ በእጄ ነው የሠራሁት። ወጥቼ ቆምኩ። መንገዱ ባዶ ነው። አንድ ሴትዮ በጋሪ ሙዝ ከኩልፎ ወንዝ በኩል ታመጣለች። ምንም እንዳልሰማች አለፈችኝ። እኔ ግን እስክታልፍ ድረስ እሰማው ነበር።

አቶ አንጁሎ የሚሰሙትም ይህንኑ ይሆናል። እሳቸው ስለዋሹ አይደለም። እሳቸው ስላዩ ነው።


2 ሰዓት

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበዋል። አቶ አንጁሎ ሁለት የአገራቸውን ሽማግሌዎች ይዘው መጥተዋል። ባዶ እጃቸውን፣ በትር እንኳ አልያዙም። ድንኳኑ ጥግ ቆመዋል፣ ማንም ተቀመጡ አላላቸውም። ወጣቶቹ አጥሩ ጋ ተሰብስበዋል። ወንጌላዊ ታምራት ሄዶ ከጎናቸው ቆመ። ወደ እኔ አልተመለከተም። አይመለከትም።

እማዬ ከፊት ተቀምጣለች። ከነገርኳት ትጠላኛለች ብዬ ነው እስካሁን የደበቅሁት። ልጇን ገና አሁን አገኘችው፣ ያልተዋት ልጇን፤ እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ልቀማት ነው? ግን እኚያ ሽማግሌ ለወንድሜ እስከ ቀትር ተቀምጠውለታል። እኔ ሦስት ዓመት እረግመው ነበር።

ወስኛለሁ። እነሳለሁ። በፊታቸው ሁሉ። ጋስኬቱን አወጣለሁ፣ ቀስቱን፣ ጽሑፉን፣ እግሯ የታጠፈችውን "ሞ" አሳያለሁ። ሞተሩን አታጥፋ ያልኩት እኔ እንደሆንኩ እናገራለሁ። ለሳምንት ብቻ ያልኩትን እናገራለሁ። ከዚያ በኋላ እማዬ የፈለገችውን ትበለኝ።

አቶ አንጁሎ አሁን እየተናገሩ ነው። ጩኸት ተነሳ። የአጎቴ ልጅ ተነሥቷል።

ልሂድ። መጀመሪያ ወደ እማዬ ዞሬ የምለው አንድ ነው፦ የሞቀው በመንገዱ አይደለም፣ በእኔ ካርቶን ነው።